ጨቅላ ሕፃን ሲነጫነጭና እጁን ሲጠባ ምክንያቱን ለመለየት የሚረዳ መመሪያ

«ሲስተር፣ ልጄ ጠብቶ ይጨርስና ወዲያው ጭብጡን አፉ ውስጥ ከትቶ ይጠባል፤ ሳስተኛው ይነጫነጫል፤ ወተቴ አልበቃው ብሎ ይሆን?» በአራስ እናቶች ክትትል ሥራዬ ላይ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው። አንዳንዷ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንዳንዷ በሦስተኛው ወር ትጠይቀኛለች። ጥያቄው አንድ ቢሆንም መልሱ እንደ ሕፃኑ ዕድሜ ይለያያል፤ የአሥር ቀን አራስ እጁን ወደ አፉ የሚወስድበት ምክንያትና የመቶ ቀን ሕፃን የሚወስድበት ምክንያት አይገናኙም። ስለዚህ እጁን ብቻ አይቶ «ርቦታል» ወይም «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ከልደት እስከ ስድስት ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዕድሜውን፣ ሰዓቱንና መላ አካሉን በቅደም ተከተል እየተመለከቱ ምክንያቱን ለመለየት ይረዳዎታል። ሕፃንዎ ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ፣ የእድገትና የባሕርይ ለውጥ በዕድሜ በተጠቀሰበት ቦታ ይወለዳል ተብሎ ከታሰበበት ቀን ጀምረው ይቁጠሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት፤ ትንፋሽ ለመቁጠርና የጠባበትን ሰዓት ለመያዝ።
• ዲጂታል ቴርሞሜትር። የመስታወቱና ሜርኩሪ ያለበት ሊሰበር ስለሚችል ለሕፃን አይመከርም።
• ደብተርና እስክሪብቶ። በስልክ መመዝገብም ይቻላል፤ ነገር ግን አልጋ አጠገብ የተቀመጠ ወረቀት ሌሊት ላይ ይቀላል፤ ሌላ ሰው ሲያግዝዎትም እሱ ሊጽፍበት ይችላል።
• ጥሩ ብርሃን፤ የሕፃኑን ጣቶች፣ አፍና ብሽሽት ለማየት።
• ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅና የሕፃን ጥፍር መቁረጫ ወይም ሞረድ።
• የሕፃኑ ክብደት የተመዘገበበት የክትትል ካርድ።

ደረጃ 1፦ በመጀመሪያ ሕፃኑ አለመታመሙን ያረጋግጡ

ይህ ደረጃ የሚቀድመው፣ ቀጥለው የሚመጡት ደረጃዎች በሙሉ የሚሠሩት ለጤነኛ ሕፃን ስለሆነ ነው። የታመመ ሕፃንም ሊነጫነጭና እጁን አፉ ውስጥ ሊከት ይችላል፤ እሱን ለማባበል የሚያልፈው ሰዓት ደግሞ ሕክምና ሊያገኝበት የሚገባው ሰዓት ነው።

ሙቀቱን ለመለካት የቴርሞሜትሩን ጫፍ በደረቀ ብብቱ መሃል ያስገቡ፤ ክንዱን ወደ ጎኑ አስጠግተው ድምፅ እስኪሰጥ ይያዙት። ከዚያም ልብሱን ገልጠው ሆዱ በተነሣ ቁጥር አንድ እያሉ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። የጨቅላ ሕፃን ትንፋሽ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ስለሚል፣ ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። እያለቀሰ ወይም እየጠባ ሳለም አይቁጠሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሚከተሉት አንዱን ካዩ መመሪያውን እዚህ ላይ አቁመው ሕፃኑን ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።

• ከ2 ወር በታች ሆኖ በብብት የተለካ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም ከ35.5 በታች ሲሆን። በፊንጢጣ ተለክቶ ከሆነ ከ3 ወር በታች ላለ ሕፃን 38 ዲግሪ ትኩሳት ነው።
• ትንፋሹ ከ2 ወር በታች ሆኖ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ (ደግመው ቆጥረውም ያው ሲሆን)፣ ከ2 ወር በላይ ሆኖ ደግሞ 50 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፤ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ።
• ጡት ወይም ጡጦ አልይዝ ሲል፣ ሲቀሰቀስ እንኳ ሲዝል፣ ሲያንዘፈዝፈው።
• የሚያስመልሰው አረንጓዴ ሲሆን፣ ሰገራው ላይ ደም ሲታይ፣ ሳያለቅስና ቀና ተደርጎ ተይዞ እያለ እርግብግቢቱ አብጦ ሲታይ።
• ከንፈሩ ወይም ምላሱ ሲጠቁር ወይም ሰማያዊ ሲሆን፤ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ሲሆን።
• ከወትሮው ፈጽሞ የተለየ፣ ቀጭንና በምንም የማይበርድ ጩኸት ሲጮህ። የልጅን ለቅሶ ከእናቱ በላይ የሚለይ የለምና፣ «ይህስ የሱ ለቅሶ አይደለም» የሚል ስሜት ካደረብዎት በቂ ምክንያት ነው።

ወደ ጤና ተቋም ሳይሄዱ ሙቀት ማብረጃ መድኃኒት በራስዎ አይስጡ። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ፓራሲታሞል የሚሰጠው በባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ አስፕሪን ደግሞ ለሕፃን ጨርሶ አይሰጥም።

ደረጃ 2፦ በዕድሜው ላይ እጅ መጥባት ምን ማለት እንደሆነ ይለዩ

ሕፃን እጁን መጥባት የሚጀምረው ገና ማኅፀን ውስጥ ሳለ ነው፤ በአልትራሳውንድ ምርመራ ላይ ጣቱን ሲጠባ የሚታይ ጽንስ ብዙ ነው። ስለዚህ ድርጊቱ በራሱ የችግር ምልክት አይደለም። ትርጉሙ ግን እንዲህ ይለዋወጣል።

ከልደት እስከ 6 ሳምንት ገደማ እጁ በአብዛኛው የተጨበጠ ነው፤ ክንዱም ታጥፎ ወደ ፊቱ ይቀርባል። በዚህ ዕድሜ እጁን ወደ አፉ እየወሰደ ከንፈሩን ማላመጥና አፉን ከፍቶ ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ ማለት ከጀመረ፣ አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ረሃብ ነው።

ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ መዳፉ እየተከፈተ ይመጣል፤ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ ያገናኛል፤ አንድ ቀን ደግሞ እጁን ፊቱ ፊት አንሥቶ እንደ አዲስ ነገር ትክ ብሎ ሲያየው ያገኙታል። በዚህ ጊዜ እጅ መጥባት ከረሃብ ይልቅ የራስን አካል የማወቂያና ራስን የማረጋጊያ መንገድ እየሆነ ይሄዳል። ብዙ ወላጆች «ድሮ እንዲህ አያደርግም ነበር» ብለው የሚጨነቁት በዚሁ ወቅት ነው፤ እኔ ግን እጁን ፈልጎ አፉ ላይ ማድረስ የቻለ ሕፃን ሳይ ደስ ይለኛል፤ የእጁና የአፉ እንቅስቃሴ መቀናጀት ጀምሯል ማለት ነውና።

ከ3 ወር በኋላ ለሃጭ ይበዛል። የምራቅ ዕጢዎቹ ሥራቸውን እየጨመሩ፣ ሕፃኑ ግን ምራቁን ሁሉ መዋጥ ገና ስላልተማረ ነው እንጂ ጥርስ ደረሰ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጥርስ በብዙዎች ላይ የሚወጣው ወደ 6 ወር ገደማ ነው፤ በ4 ወር የሚያወጡም፣ ዓመት የሚጠጋቸውም አሉ። ጥርስ እየመጣ ከሆነ የታችኛው የፊት ድድ ያብጣል፣ በንጹሕ ጣት ሲዳሰስም ጠንከር ይላል። ጥርስ ማውጣት 38 ዲግሪ የሚደርስ ትኩሳትም ሆነ ተቅማጥ አያመጣም፤ እነዚህን ካዩ ሌላ ምክንያት አለ።

ደረጃ 3፦ የረሃብ መሆኑን በሰዓትና በእጁ ሁኔታ ይመርምሩ

ሰዓቱን ይመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡት የሚጠባ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት፤ ስለዚህ ከጠባ ሁለት ሰዓት ያለፈው ሕፃን እጁን ከያዘ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ያጥቡት። ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥም ቢሆን ሊርበው ይችላል። በተለይ ከአመሻሽ እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ብዙ ሕፃናት በየሠላሳ ደቂቃው፣ በየሰዓቱ ይጠባሉ፤ ይህ ወተት ማለቁን አያመለክትም፤ አዘውትሮ መጥባቱ ራሱ ጡት ብዙ ወተት እንዲያመርት ያደርጋል።

ቅደም ተከተሉን ይመልከቱ። ረሃብ ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ሕፃኑ ይነቃቃል፣ ከንፈሩን ያላምጣል፣ አፉን ይከፍታል፤ ቀጥሎ ይንጠራራል፣ ይንቀሳቀሳል፣ እጁን ደጋግሞ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ለቅሶ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እጁን ሲያዩ ማጥባት የሚመረጠው ስለዚህ ነው፤ አምርሮ የሚያለቅስ ሕፃን ምላሱ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ጡት መያዝ ያቅተዋል፣ አየርም ይውጣል። ለቅሶ ላይ ከደረሰ መጀመሪያ ደረትዎ ላይ አቅፈው ያረጋጉት፤ ከዚያ ያጥቡት።

ጭብጡን ይመልከቱ። ይህን ምልክት እናቶች እንዲያዩት ደጋግሜ አሳያለሁ፤ አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። የራበው ሕፃን ጡት ሲይዝ ጣቶቹ ተጨብጠው፣ ክንዱ ታጥፎ፣ ትከሻው ጠንክሮ ነው። መዋጥ ከጀመረ በኋላ ጭብጡ ቀስ እያለ ይላላል፤ መጀመሪያ አውራ ጣቱ ይወጣል፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ጣቶች አንድ በአንድ ይዘረጋሉ፤ በመጨረሻ መዳፉ ጡትዎ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ተዘርግቶ ይቀራል፤ ክንዱን አንሥተው ቢለቁት ዝርግፍ ብሎ ይወድቃል። እዚህ የደረሰ ሕፃን ጠግቧል። ከዚህ በኋላ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነቅቶ እጁን ቢጠባ፣ ረሃብን ትተው ወደ ደረጃ 5 ይለፉ። ጠብቶ ከጨረሰ በኋላም እጁ እንደተጨበጠ፣ ሰውነቱ እንደጠነከረ ከሆነ ግን በቂ አላገኘም ማለት ሊሆን ይችላልና ሌላኛውን ጡት ይስጡት፤ ወደ ደረጃ 4ም ይሂዱ።

ጉንጩን በጣት ነክቶ «አፉን አዞረ፣ ስለዚህ ርቦታል» ማለት የተለመደ ቢሆንም ብቻውን አስተማማኝ ፈተና አይደለም። ሲነካ አፍን ወደ ተነካው አቅጣጫ ማዞር ሕፃኑ ይዞት የሚወለደው የደመ ነፍስ እንቅስቃሴ ሲሆን እስከ 4 ወር ገደማ ይቆያል፤ የጠገበ ሕፃንም ሊያደርገው ይችላል።

ጡጦ የሚጠባ ሕፃን ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ወተቱ ከጡጦ ቶሎ ስለሚወርድ ሆዱ በጥቂት ደቂቃ ይሞላል፤ የመጥባት ፍላጎቱ ግን ገና አልረካም፤ ስለዚህ እጁን ይጠባል። ቤተሰቡ ይህን አይቶ ሌላ ጡጦ ይሰጣል፤ ሕፃኑም ከመጠን በላይ ጠጥቶ ያቀረሻል፣ ሆዱ ይነፋል፣ እንደገና ይነጫነጫል። መፍትሔው ሕፃኑን ቀና አድርጎ ይዞ፣ ጡጦውን አግድም ሊባል በሚችል መጠን ዝቅ አድርጎ፣ በየመሃሉ እያሳረፉ ማጠጣት ነው።

ደረጃ 4፦ አሁንም ረሃብ የሚመስል ከሆነ አጠባቡንና ውጤቱን ይፈትሹ

በመጀመሪያ አጎራረሱን ይመልከቱ። አፉ በሰፊው ተከፍቶ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተቀልብሶ፣ አገጩ ጡትዎን ነክቶ፣ በጡት ጫፍ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ቆዳ ብዙውን መያዝ አለበት፤ ከላይ በኩል ከታች ይልቅ የበለጠ ሊታይዎት ይገባል። ጫፉን ብቻ ከያዘ ጡትዎ ይቆስላል፣ እሱም ጥቂት ብቻ ያገኛል። በዚህ ጊዜ ጡቱን ዝም ብለው አይንጠቁት፤ ትንሿን ጣትዎን በአፉ ጥግ አስገብተው ካላቀቁት በኋላ እንደገና ያጉርሱት።

ቀጥሎ መዋጡን ይለዩ። ፈጣንና አጫጭር አጠባብ ወተት እንዲወርድ መጥሪያ ነው፤ ወተት ሲወርድ ግን አጠባቡ ዝግ ይላል፣ አገጩ ወደ ታች ሲወርድ ለአፍታ ይቆማል፣ ቀላል የመዋጥ ድምፅም ይሰማል። ሠላሳ ደቂቃ ጡት ላይ ቆይቶ ከሁለት ደቂቃ በላይ ያልዋጠ ሕፃን «ሠላሳ ደቂቃ ጠባ» አይባልም።

ውጤቱ የሚታየው በዳይፐርና በሚዛን ነው። ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ቢያንስ 6 ጊዜ በደንብ የረጠበ ዳይፐር ወይም የሽንት ጨርቅ ሊኖር ይገባል፤ ሽንቱም የፈዘዘ ቀለም ያለው መሆን አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃን ክብደት መቀነሱ የተለመደ ሲሆን እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ ልደት ክብደቱ መመለስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ እስከ 3 ወር ድረስ በአማካይ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። ዳይፐሩና ክብደቱ ከተሟሉ ወተትዎ በቂ ነው፤ ሕፃኑ እጁን ቢጠባም፣ ሌሊት ቢነቃም፣ ጡትዎ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ግትር ባይልም። ጡት ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ የሚለሰልሰው ምርቱ ከሕፃኑ ፍላጎት ጋር ስለተስተካከለ ነው። በማለቢያ የሚወጣው መጠንም ሕፃኑ ራሱ ሲጠባ የሚያገኘውን አያሳይም።

ዳይፐሩ ካነሰ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ፣ በዚያው ቀን ባለሙያ አጠባብዎን እንዲያይልዎት ያድርጉ። እስከ 6 ወር ድረስ ውሃ፣ ሻይም ሆነ ሌላ ምግብ አይጨምሩ፤ ትንሿን ሆድ ያለ ጥቅም ይሞሉና ወተቱን ያስቀሩበታል። የዱቄት ወተት ለሚጠጣ ሕፃንም በቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው መጠን በላይ ውሃ ወይም በላይ ዱቄት መጨመር ይጎዳዋል።

ደረጃ 5፦ እንቅልፍ አምሮት እንደሆነ ይመልከቱ

ጠግቦ፣ ዳይፐሩ ደርቆ፣ ታቅፎም የሚነጫነጭ ሕፃን በጣም ብዙ ጊዜ የደከመው ነው። አራስ በቀን ከ14 እስከ 17 ሰዓት ገደማ ይተኛል፤ አንዴ ከነቃ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ በ2 እና 3 ወር ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው ነቅቶ መቆየት የሚችለው። ይህ ከማጥቢያውና ዳይፐር ከመቀየሪያው ጊዜ ጋር ተደምሮ መሆኑን ሰው ይዘነጋዋል።

ምልክቶቹ ዓይኑን ከፊትዎ ማሸሽ፣ ትኩር ብሎ መቅረት፣ ማዛጋት፣ የቅንድቡ አካባቢ መቅላት፣ የእጅና የእግሩ ድንገት መወራጨት ናቸው። የደከመው ሕፃን እጁን የሚጠባው ረጋ ባለ ሁኔታ ሲሆን፣ ጡት ሲሰጠው ጥቂት ጠብቶ ይተዋል ወይም ጀርባውን ለጥጦ ይገፋል። ይህ መግፋት «ጡቱን ጠላው» እየተባለ ብዙ እናቶችን አስለቅሷል። ብርሃኑን ይቀንሱ፣ ድምፅ ያሳንሱ፣ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበሉን ያቁሙና ያስተኙት። እጁን እየጠባ ራሱን የሚያረጋጋ ከሆነ ይተዉት፤ እጁን ከአፉ ማውጣት ሊተኛ የነበረውን ሕፃን መቀስቀስ ነው።

የሚተኛው ምንጊዜም በጀርባው፣ ጠንከር ባለና ለጥ ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ለቀቅ ያለ ብርድ ልብስ ይሁን።

ደረጃ 6፦ አየር፣ ቅርሻትና ቁርጠት

ጠብቶ በጨረሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ የሚቁነጠነጥ ከሆነ ትከሻዎ ላይ ቀና አድርገው ጀርባውን በቀስታ መታ መታ ያድርጉ። ሁሌ ያገሳል ማለት አይደለም፤ አምስት ደቂቃ ሞክረው ካላገሳ ይተዉት። ካጠቡት በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀና አድርገው ቢይዙት ቅርሻት ይቀንሳል። ክብደቱ እየጨመረ በየቀኑ የሚያቀረሽ ደስተኛ ሕፃን መድኃኒት አያስፈልገውም።

ለቅሶ ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በ6 ሳምንት ገደማ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ እስከ 3 ወይም 4 ወር ባለው ጊዜ ይበርዳል። በተለምዶ ቁርጠት የሚባለው፣ ጤነኛና በደንብ የሚያድግ ሕፃን በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ አመሻሹ ላይ ሲያለቅስ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ ወዲያው እየተፋ ሊያለቅስ ይችላል፤ ረሃብ ከሆነ መዋጥ ሲጀምር ጸጥ ይላል፤ ቁርጠት ከሆነ ጡት ላይም ሆኖ ይቀጥላል።

ደረጃ 7፦ ልብሱን ሙሉ በሙሉ አውልቀው አካሉን ይዩ

እስካሁን ምክንያቱ ካልተገኘ ልብሱን ያውልቁ፤ ዳይፐሩንም፣ ካልሲውንም። ይህን ደረጃ መዝለል የሚያስከፍለውን ዋጋ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ወቅት ሙሉ ምሽት ያለቀሰ የሁለት ወር ሕፃን ቤተሰቡ ቁርጠት ነው ብሎ ሲያባብለው ቆይቶ አመጡት። ካልሲውን ስናወልቅ ከካልሲው ውስጥ የወጣ አንድ ክር የእግሩን ሁለተኛ ጣት ጠምጥሞት፣ ጣቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ አብጦ ነበር። ክሩ ሲቆረጥ ሕፃኑ በእጃችን ላይ እንዳለ ዝም አለ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላውም እንቅልፍ ወሰደው።

እንዲህ አድርገው ይፈትሹት፦ እያንዳንዱን የእጅና የእግር ጣት ለየብቻ ገልጠው ክር ወይም ፀጉር እንዳልተጠመጠመበት ያረጋግጡ፤ ወንድ ከሆነ ብልቱንም ይመልከቱ። ፀጉሩ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ማውጣት ካልተቻለ ወይም ጣቱ ከጠቆረ ፈጥነው ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ብሽሽቱ ላይ ሲያለቅስ የሚወጣ፣ ሲነካም የሚያመው እብጠት ካለ ቡአ ሊሆን ስለሚችል ይህም በዚያው ሰዓት መታየት አለበት። መቀመጫው ላይ የቀላ ቁስል፣ አንገቱና ብብቱ እጥፋት ውስጥ የታመቀ ወተት ወይም ሽፍታ እንዳለ ይዩ። አፉን ከፍተው ይመልከቱ፤ ጉንጩ ውስጥና ምላሱ ላይ ያለ ነጭ ነገር በጨርቅ ሲጠረግ የማይለቅ ከሆነ የአፍ ፈንገስ ነው፤ ሲጠባ ስለሚያመው ጡቱን ይዞ ይለቅቃል፣ እጁንም ያኝካል።

ሞቆት ወይም በርዶት እንደሆነ የሚለየው ማጅራቱን ወይም ደረቱን በመዳሰስ ነው። እጅና እግሩ ቀዝቀዝ ማለታቸው የተለመደ ስለሆነ በነሱ ተመርተው ልብስ አይደርቡበት።

ደረጃ 8፦ አንድ በአንድ ያባብሉት

ምክንያቱን ካወቁ እሱን ያስወግዱ፤ ካላወቁ ደግሞ ከሚከተሉት አንዱን መርጠው ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳይለውጡ ይሞክሩ፦ ልብሱን አውልቆ ባዶ ደረት ላይ ማቀፍና ከላይ መሸፈን፤ አቅፎ በዝግታ መራመድ፤ ዝቅ ያለና የማይለዋወጥ ድምፅ ማሰማት፤ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መሞከር፣ ማለትም እየነቀነቁ፣ እያዜሙ፣ አሻንጉሊት እያሳዩ ማባበል፣ የደከመውን ሕፃን ይበልጥ ያስጨንቀዋል፤ እርስዎም የትኛው እንደረዳው አያውቁም።

ማስጠንቀቂያ፦ የቱንም ያህል ቢያለቅስ ሕፃኑን አይነቅንቁት፣ አይወዝውዙት። የሕፃን አንገት ደካማ ስለሆነ ኃይል ያለው መነቅነቅ አንጎሉ ውስጥ ደም እንዲፈስ ያደርጋል፤ ዓይነ ስውር ሊያደርግም፣ ሊገድልም ይችላል። ትዕግሥትዎ ማለቁ ከተሰማዎት በጀርባው አልጋው ላይ አስተኝተው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ይራቁ፤ ሰው ይጥሩ። ደህና ቦታ ላይ ተኝቶ አሥር ደቂቃ ማልቀስ ሕፃኑን አይጎዳውም።

ደረጃ 9፦ ለሦስት ቀን ይመዝግቡ

አንድ ምሽት ላይ ታይቶ የማይገባው ነገር ሦስት ቀን ተጽፎ ሲታይ ይገለጣል። አምስት ነገሮችን ብቻ ይጻፉ፦ የጠባበትን ሰዓት፣ የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት፣ የረጠበ ዳይፐር፣ ሰገራ፣ እንዲሁም እጁን መጥባትና መነጫነጭ የጀመረበትን ሰዓት። ለምሳሌ፦ «9፡10 ጠባ፣ ሁለቱንም ጡት፤ እጁ ተዘረጋ። 9፡40 ነቅቷል፣ ያያል። 10፡05 እጁን ጠባ፣ አዛጋ፣ ተነጫነጨ። 10፡15 ተኛ።» ይህን ያነበበ ሰው ምክንያቱ እንቅልፍ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። መነጫነጩ ሁልጊዜ ከመጥባት በፊት ከሆነ ረሃብ፣ ከነቃ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ከሆነ ድካም፣ ከጠባ በደቂቃዎች ውስጥ ከሆነ አየር ወይም ቅርሻት፣ ምንም ቢደረግ በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ከሆነ ቁርጠት ይጠረጠራል።

እጁን በተመለከተ ማድረግ ያለብዎት

እጁን በቀን ጥቂት ጊዜ በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የእርስዎንም ከማጥባትዎ በፊት በሳሙና ይታጠቡ። ፊቱን እንዳይቧጭር ጥፍሩን ተኝቶ ሳለ ይቁረጡ ወይም በሞረድ ያለስልሱ። የእጅ ጓንት ቀኑን ሙሉ ማጥለቅ አልመክርም፤ የረሃብን የመጀመሪያ ምልክት ይሸፍንብዎታል፣ ሕፃኑም ራሱን የሚያረጋጋበትን መንገድ ያሳጣዋል፤ ከውስጡ የሚወጣ ክር ደግሞ በደረጃ 7 የተጠቀሰውን አደጋ ያመጣል። ለሃጭ አገጩንና አንገቱን እንዳያቆስል በየጊዜው ሳያሹ በመታ መታ ያድርቁ። ፓሲፋየር የሚባለውን የሚጠባ ጎማ መስጠት ከፈለጉ ጡት መጥባቱ በደንብ እስኪለምድ፣ ማለትም እስከ 3 ወይም 4 ሳምንት፣ ይጠብቁ፤ በገመድ አንገቱ ላይ አይሰሩት።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

እጁን ስለጠባ ብቻ የዱቄት ወተት መጀመር ዋነኛው ነው። ሕፃኑ ከጡጦው በኋላ ጭልጥ ብሎ ሲተኛ «አየሽ፣ ርቦት ነበር» ይባላል፤ ጡት ግን ባልተጠባበት ልክ ምርቱን ስለሚቀንስ፣ ያልነበረው እጥረት በሳምንት ውስጥ እውነተኛ እጥረት ይሆናል። ዳይፐሩንና ሚዛኑን ሳያዩ ይህን ውሳኔ አይወስኑ።

ሌላው የሦስት ወር ሕፃን ድድ ላይ ማደንዘዣ ቅባት መቀባት ነው። ቤንዞካይን ያለበት ቅባት ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ስለሚችል ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። እንዲረጋጋ ተብሎ ማር ማላስም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከማር ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያዝል መመረዝ ሊደርስበት ይችላል። ጥርስ በእውነት እየመጣ ከሆነ በንጹሕ ጣት ድዱን ማሸት ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ እርስዎ ይዘውለት እንዲያኝክ ማድረግ ይበቃል።

ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ከ6 ሳምንት በኋላ ለጥቂት ቀናት ሰገራ ባይወጣ «ደርቆበታል» ብሎ መድኃኒት መስጠትም አለ። ሲወጣ ለስላሳ ከሆነ ድርቀት አይባልም።

ሕፃኑን ወደ ባለሙያ ሲወስዱ የሦስት ቀኑን መዝገብና የክብደት ካርዱን ይያዙ፤ ከተቻለ ደግሞ ቤት ውስጥ ሲነጫነጭ በስልክ አንድ ደቂቃ ያህል ይቅረጹት፤ ምርመራ ክፍል ሲደርስ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ላይ ይሆናልና።